ኢሊያ ሜችኒኮቭ፦ እርጎን ከእረኛ ቅል ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡት ሊቅ

በከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ የኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር ወረዳዎች ወተት የኑሮ መሠረት ነው። የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት የዞኑን ብቻ ሳይኾን የአጎራባች የአፋር አርብቶ አደሮችን ከብቶች ጭምር ይመግባል። በባቲ ገበያ ግመል ይሸጣል፣ ይገዛል። በየቤቱ ደግሞ ወተት በታጠነ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና እርጎ ኾኖ ይረጋል፤ እርጎው ተገፍቶ ቅቤ፣ አሬራና አይብ ይወጣዋል። እናቶች ይህን ጥበብ ከእናቶቻቸው ተቀብለው ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ እንጂ ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

በሌላ በኩል በዚህ ዘመን በሀገራችን መድኃኒት ቤቶች ፕሮባዮቲክ የሚል ስም የተሰጣቸው ዱቄቶች፣ ጠብታዎችና እንክብሎች ይታያሉ። በውስጣቸው ለአንጀት ይጠቅማሉ የተባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። በእግሩ መሄድ የጀመረ ልጁ በተቅማጥ የተያዘበት ወይም ሆዱ የተነፋበት ወላጅ ይህ ነገር ለልጄ ይበጀው ይኾን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም መነሻው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ባክቴሪያ ኹሉ ጠላት አይደለም፤ አንዳንዱ ተመርጦ ቢበላ ጤናን ይጠብቃል የሚለውን ሐሳብ በዓለም ያሰራጩት የኖቤል ተሸላሚው ኢሊያ ሜችኒኮቭ ናቸው። ሕይወታቸው በሕመም፣ በሐዘንና በማያቋርጥ ምርምር የተሞላ ነበር።

ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 1845 በዛሬዋ ዩክሬን በካርኪቭ አካባቢ በምትገኝ ኢቫኖቭካ በምትባል መንደር ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ዓመተ ምሕረቶች ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አካባቢው በወቅቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር። አባታቸው የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ መኮንን፣ እናታቸው ደግሞ የአንድ አይሁዳዊ ደራሲ ልጅ ነበሩ። ኢሊያ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችሉ፣ ዕጽዋትና ነፍሳት እየሰበሰቡ ለወንድሞቻቸውና ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ለመስጠት የሚሞክሩ ፈጣን ልጅ ነበሩ። ሐኪም ለመኾን ቢመኙም እናታቸው የልጃቸውን ልብ ስስነት ስላወቁ የታማሚን ስቃይ በየቀኑ ማየት አይችልም ብለው መከሩአቸው። ወጣቱ ምክሩን ተቀብለው ወደ እንስሳት ጥናት አዘነበሉ።

በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቀቁ። ከዚያም በጀርመንና በጣሊያን የምርምር ተቋማት እየተዘዋወሩ የባሕር እንስሳትን ዕድገት አጠኑ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1870ም በዚያው የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ኾኑ። የዕውቀት መንገዳቸው ቀና ይምሰል እንጂ የቤታቸው ታሪክ ግን ሌላ ነበር።

በ1869 ሉድሚላ ፌዶሮቪች የተባሉ ወጣት አገቡ። ሙሽራዋ በሳንባ ነቀርሳ ተይዘው በጣም ከመድከማቸው የተነሣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱት በወንበር ተሸክመዋቸው ነበር። በዚያ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም፤ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ መኾኑም ገና አልታወቀም። ሜችኒኮቭ ባለቤታቸውን ለማዳን ሞቃት አየር ወዳለበት ሀገር እየወሰዱ ያላቸውን ኹሉ አወጡ፣ የዓይናቸው ሕመም እስኪጸና ድረስ እየሠሩ ገንዘብ ፈለጉ። ከአራት ዓመት ትግል በኋላ ሉድሚላ በ1873 በማዴይራ ደሴት አረፉ። ባል ሐዘኑን መሸከም አቅቷቸው ብዙ ሞርፊን ወሰዱ፤ መጠኑ ከመብዛቱ የተነሣ አስመልሷቸው ከሞት ተረፉ።

በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገቡ። ኦልጋ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተለዩዋቸው የትዳርና የሥራ ባልደረባ ኾኑ፤ ከዕረፍታቸው በኋላም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል። ጥንዶቹ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን የኦልጋ ወላጆች ሲሞቱ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ተቀብለው አሳደጉ። በ1880 ኦልጋ በታይፎይድ ተይዘው ለሞት ተቃረቡ። ሜችኒኮቭ በባለቤታቸው ሕመም፣ በልባቸው ድካምና በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በነበረው ፖለቲካዊ ውጥረት ተስፋ ቆርጠው እየተመላለሰ የሚያነሣ ትኩሳት ካለበት ታማሚ የተወሰደ ደም ራሳቸውን ወጉ። በሽታው በኢትዮጵያም በቅማል የሚተላለፍና ብዙ ሰው የፈጀ ነው። ሜችኒኮቭ በጽኑ ታመሙ፤ ዳግመኛም ዳኑ። ከዚህ በኋላ ለሕይወት ያላቸው አመለካከት ተለወጠ። ሞትን የሚሹ የነበሩት ሰው ሰዎች እንዴት ረጅምና ጤነኛ ዕድሜ ሊኖሩ ይችላሉ የሚለውን መመራመር ጀመሩ።

በ1882 ከዩኒቨርሲቲው ሥራ ለቀው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ መሲና ከተማ ሄዱ። በባሕሩ ዳርቻ በተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ትርኢት ለማየት ሲወጣ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩና እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈውን የባሕር ኮከብ ጫጩት በማይክሮስኮፕ መመልከት ያዙ። በእንስሳው ገላ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳት ነበሩ። እነዚህ ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲገባ ተሰብስበው የሚከላከሉ ቢኾኑስ? የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ለልጆቹ የገና ዛፍ ይኾን ዘንድ ካዘጋጁት የመንደሪን ተክል እሾህ ቆርጠው በባሕር ኮከቡ ገላ ውስጥ ሰኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሲነጋ ሲመለከቱ ሕዋሳቱ እሾሁን ከብበውት አገኟቸው።

ይህ ግኝት የሰው ልጅ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሰውነት የሚገባውን ጀርም እየዋጡ እንደሚያጠፉ ለማስረዳት በር ከፈተ። ሕዋሳቱም ፋጎሳይት ተባሉ፤ ትርጉሙ በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። የጀርመን ሊቃውንት ግን ሰውነትን የሚጠብቀው በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር እንጂ ሕዋስ አይደለም ብለው ለብዙ ዓመታት ተከራከሯቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ድርሻ እንዳላቸው ታወቀ፤ በ1908 ሜችኒኮቭና ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ከሽልማቱ በፊት ግን ሌላ ፈተና ነበር። በ1886 በኦዴሳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥና የባክቴሪያ ጥናት የሚያደርግ ተቋም ሲከፈት ሜችኒኮቭ መሪ ኾነው ተሾሙ። ሐኪም ባለመኾናቸው የአካባቢው ሐኪሞች አልተቀበሏቸውም። ተቋሙ ያዘጋጀው የአባ ሰንጋ ክትባት የተሰጣቸው በርካታ በጎች መሞታቸው ደግሞ ችግሩን አባባሰው። በ1888 ሥራውን ትተው ወደ ፓሪስ ሄዱ። ታላቁ ሉዊ ፓስተር በእጃቸው ተቀብለው በአዲሱ ተቋማቸው ውስጥ የምርምር ክፍል ሰጧቸው። ሜችኒኮቭ ከዚያ በኋላ የቀረውን 28 ዓመት ያሳለፉት በዚሁ በፓስተር ተቋም ነው፤ ምክትል ዳይሬክተርም ኾነዋል።

ወደ አንጀት ባክቴሪያ ጥናት የመራቸው ኮሌራ ነው። በ1892 ፈረንሳይን የኮሌራ ወረርሽኝ ሲመታ አንዳንዱ ሰው በጀርሙ እየታመመ ሌላው ለምን እንደሚተርፍ ለማወቅ ፈለጉ። የኮሌራን ጀርም ራሳቸው ጠጡ፤ አልታመሙም። ፈቃደኛ የኾኑ ረዳቶቻቸውም ጠጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ለሞት እስከ መቃረብ ደረሰ። በራስና በሌላ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር የማይፈቀድ ነው። ሜችኒኮቭ ቀጥለው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሲመለከቱ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የኮሌራን ጀርም ዕድገት ሲያግዱ፣ ሌሎች ደግሞ ሲያግዙ አስተዋሉ። ስለዚህ የሰው ሕመምና ጤና የሚወሰነው በገባው ጀርም ብቻ ሳይኾን አንጀት ውስጥ ቀድመው በሰፈሩ ባክቴሪያዎችም ሊኾን ይችላል የሚል ግምት አደረባቸው።

በዚሁ ተቋም ውስጥ የሕጻናት ሐኪም የነበሩት ሄንሪ ቲሲየ በ1899 እና በ1900 የእናት ጡት በሚጠቡ ጤነኛ ሕጻናት ዐይነ ምድር ውስጥ እንደ ባላ እንጨት ሹካ ያለው ባክቴሪያ አገኙ። ባክቴሪያው ቢፊዱስ ተባለ። ጡት የሚጠቡ ሕጻናት አንጀት በዚህ ባክቴሪያ የተሞላ መኾኑን፣ በተቅማጥ በታመሙት ዘንድ ግን የሚያንስ መኾኑን ተመለከቱ። ለታመሙ ሕጻናት ባክቴሪያውን መስጠት ይጠቅማል የሚል ሐሳብም አቀረቡ። ለሕጻናት የሚኾን ፕሮባዮቲክ ዛሬ የሚመረጥበት ጥያቄ የመጀመሪያ ምዕራፉ ይህ ነው።

ሜችኒኮቭ በበኩላቸው ትኩረታቸውን ወደ እርጅና አዞሩ። በትልቁ አንጀት ውስጥ ምግብ ሲበሰብስ የሚፈጠረው መርዝ ሰውነትን ያስረጃል ብለው አሰቡ። ወተት ሲኮመጥጥ እንደማይበሰብስ ደግሞ ማንም ባላገር ያውቃል። ወተቱን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር መበስበስን ካገደ፣ አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ወደ አንጀት ቢገቡ በዚያም መበስበስን ያግዱ ይኾናል ብለው ተመራመሩ። በዚሁ ጊዜ ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ የሕክምና ተማሪ በ1905 በጄኔቭ የሀገሩን እርጎ መርምሮ የሚያረጋውን ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ለየ። በቡልጋሪያ ገጠር ዕድሜያቸው እጅግ የገፋ ሰዎች እንደሚበዙና እርጎም ዋነኛ ምግባቸው እንደኾነ ይነገር ነበር። ሜችኒኮቭ ሁለቱን ነገሮች አገናኙ።

በ1904 በፓሪስ ስለ እርጅና የሰጡት ትምህርት በጋዜጦች ተዛመተ። በ1907 ያሳተሙት ዕድሜን ስለማራዘም የሚያወሳ መጽሐፍም በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። እሳቸው ሐሳቡን ያቀረቡት በምርምር ሊፈተን የሚገባው መላ ምት አድርገው ነበር፤ ጋዜጦችና ነጋዴዎች ግን የዕድሜ መድኃኒት ተገኘ ብለው አወጁ። በአውሮፓና በአሜሪካ የእርጎ ዱቄትና እንክብል ገበያውን ሞላው። ከእነዚህ ውስጥ የተባለውን ባክቴሪያ በሕይወት ያልያዙ ምርቶችም ነበሩ። ስለ ፕሮባዮቲክ የሚሰማው የተጋነነ ማስታወቂያ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እርጎን ለዓለም ያስተዋወቁት ሜችኒኮቭ ያልተፈላ ወተት አይጠጡም ነበር። ጥሬ ምግብን እጅግ ይፈሩ ስለነበር ፍራፍሬ ሳይቀር በፈላ ውኃ ይነክሩ ነበር። እሳቸው በየቀኑ ይወስዱት የነበረው እርጎ የሚዘጋጀው ወተቱ በቅድሚያ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ የእርሾ ባክቴሪያ ተጨምሮበት ነው። በሰዎች እጅና ባልጸዳ ዕቃ ሌላ ጀርም እንደሚገባ ያውቁ ነበርና።

በ1911 ጉዟቸውን ወደ አርብቶ አደሮች አደረጉ። በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ ባለው የካልሚክ ሜዳ ሳንባ ነቀርሳንና ቸነፈርን የሚያጠና ቡድን መሩ። ከብት እያረቡ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩት ካልሚኮች በሜዳቸው ሳሉ ሳንባ ነቀርሳ እምብዛም አያገኛቸውም ነበር፤ ወጣቶቻቸው ለትምህርት ወደ ከተማ ሲሄዱ ግን በበሽታው በብዛት ይወድቁ ነበር። ሜችኒኮቭ ከዚህ የተረዱት ሰውነት ከጀርም ጋር ቀደም ብሎ መተዋወቁ በኋላ ለሚመጣው በሽታ አቅም እንደሚሰጠው ነው። ወጣት ሚስታቸውን የነጠቃቸውን በሽታ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በሜዳ ላይ እየተከታተሉ ነበር።

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው የሕጻናት ተቅማጥን አጠኑ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች የበጋው ሙቀት ሲጀምር ጡት የማይጠቡ፣ በጡጦ ወተት የሚያድጉ ሕጻናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ሜችኒኮቭ በ1914 ባሳተሙት ጽሑፍ መንስኤውን በአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ፈለጉ። በዚያው ዓመት የፈነዳው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቤተ ሙከራቸውን ወጣቶች ወደ ግንባር ወሰደባቸው፤ ሥራቸውም ተቀዛቀዘ። ልባቸው እየደከመ ሄዶ በሐምሌ ወር 1916 በ71 ዓመታቸው በፓሪስ አረፉ። አስከሬናቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ።

ከእሳቸው በኋላ ሐሳባቸው ተፈተነ። በ1920ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ሰፍሮ እንደማይቀር አሳዩ። የእርጅና መላ ምታቸውም ሜችኒኮቭ ባቀረቡት መልኩ አልጸናም። የአንጀት ባክቴሪያ ለጤና ወሳኝ ነው፣ በምግብም ሊለወጥ ይችላል የሚለው መሠረታዊ ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆየ። በ1919 ይስሐቅ ካራሶ የተባሉ ነጋዴ በባርሴሎና እርጎ ማምረት ሲጀምሩ ሥራውን ያነሣሣው የሜችኒኮቭ ጥናትና በከተማዋ ያዩት የሕጻናት የአንጀት ሕመም ነበር። ድርጅቱን በልጃቸው በዳንኤል የቤት ስም ዳኖን ብለው ሰየሙት፤ እርጎውም መጀመሪያ የተሸጠው በመድኃኒት ቤት ነው። በጃፓን ደግሞ ሚኖሩ ሺሮታ በ1930 ለአንጀት የሚኾን ባክቴሪያ ለይተው ያኩልት የተባለውን መጠጥ ለገበያ አበቁ።

የሜችኒኮቭ ተቋም ሥር ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተመሠረተ፤ ተቋሙ በ1964 ማዕከላዊ ቤተ ሙከራና የምርምር ተቋም ኾነ። በስዊድን እርዳታ በ1962 የተጀመረውና ለሕጻናት የሚኾነውን ፋፋ ያበረከተው የሥነ ምግብ ተቋምም በ1990ዎቹ ከእርሱ ጋር ተዋሐደ። የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ተቋም የእነዚህ ወራሽ ነው።

ፕሮባዮቲክ የሚለው ቃል ዛሬ የተወሰነ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2001 በሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ትርጓሜ መሠረት ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲወሰድ ለወሳጁ ጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ረቂቅ ተህዋሲ ነው። በዚህ ውስጥ ሦስት መስፈርቶች አሉ፤ ሕያው መኾን፣ በቂ መኾንና ጥቅሙ የተረጋገጠ መኾን። አንድ ዐይነት ባክቴሪያ ለአንድ ችግር ረዳ ማለት ሌላው ይረዳል ማለት አይደለም።

ለሕጻናት ተቅማጥ የተደረጉት ምርምሮች ጥንቃቄን ያስተምራሉ። ቀደም ያሉ ትንንሽ ጥናቶች አንዳንድ ፕሮባዮቲኮች ተቅማጥን በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥራሉ ብለው ነበር። በ2018 ይፋ የኾኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን ከዚህ የተለየ ውጤት አሳዩ። በአሜሪካ 971፣ በካናዳ ደግሞ 886 ተቅማጥና ትውከት የያዛቸው ከሦስት ወር እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕጻናት ተሳትፈዋል። ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ፈጥነው አልዳኑም። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወሰድ የሚመጣን ተቅማጥ በመከላከል በኩል ግን የተወሰኑ ዐይነቶች የተሻለ ማስረጃ አላቸው። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ፣ በጽኑ ለታመሙና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሕጻናት ደግሞ ሕያው ባክቴሪያው ራሱ ወደ ደም ገብቶ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መስጠት አደገኛ ነው።

ስለዚህ የከሚሴ፣ የባቲ ወይም የሰንበቴ ወላጅ ልጁ ሲያስቀምጠው ገንዘቡን በቅድሚያ ሊያውልበት የሚገባው ነገር ግልጽ ነው። ሕጻን በተቅማጥ የሚሞተው በአብዛኛው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። ሕይወት አድን የሚባለው ኦ.አር.ኤስ በንጹሕ ውኃ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ተበጥብጦ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መሰጠት አለበት። ከእርሱ ጋር ከስድስት ወር በላይ ለኾነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። ጡትም ምግብም አይከለከልም። ዐይነ ምድሩ ደም ካለው፣ ዐይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሚጠጣውን ኹሉ ካስመለሰ ወይም ፈዞ ከተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። እነዚህን የሚተካ ፕሮባዮቲክ የለም።

ሐኪም ፕሮባዮቲክ ካዘዘ ደግሞ የሚታዩ ነገሮች አሉ። በማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነልዩ መለያው፣ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያበቃ በሕይወት የሚቆየው ብዛትና ለልጁ ዕድሜ የሚኾነው መጠን ሊጻፍ ይገባል። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መኾኑን መድኃኒት ቤቱን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። የአቀማመጡ ሙቀትም መታየት አለበት። ከሚሴ ሞቃት ከተማ ናት፤ ቀዝቃዛ ቦታ የሚሻ ምርት በመኪና ሙቀትና በመደርደሪያ ላይ ከከረመ ባክቴሪያው ይሞታል፤ የሚቀረው ዋጋው ብቻ ነው።

እርጎን በተመለከተ የሜችኒኮቭ ልማድ ለዛሬም ይጠቅማል። የሀገራችን እርጎ በብዙ ቤቶች የሚረጋው ካልተፈላ ወተት ነው። ኮምጣጣነቱ ብዙ ጀርሞችን ያዳክማል፤ ወይራው ጭስም መዓዛ ይሰጠዋል። ኾኖም ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በመኮምጠጥ ብቻ ላይጠፉ ይችላሉ። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ፣ ከዚሁ ዐይነት ከፈላ ወተት ከተሠራ ጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ በታጠበና በተከደነ ዕቃ ማርጋት ይቻላል። እንዲህ ያለው እርጎ አንድ ዓመት ላለፈው ልጅ ፕሮቲንና ካልሲየም ይሰጠዋል፤ የወተቱ ስኳር በከፊል ስለሚቀንስም ወተት ለሚያስቸግረው ሆድ ይቀላል። ለጨቅላ ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ በቂ ነው። ከዚያም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከተጨማሪ ምግብ ጋር ይቀጥላል። ቲሲየ ያገኙትን ቢፊዱስ በሕጻን አንጀት ውስጥ የሚመግበው በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ልዩ ስኳር መኾኑን ሳይንስ ኋላ ላይ አረጋግጧል።

ሜችኒኮቭ ለልጆች ገና ዛፍ ከተዘጋጀ ተክል በቆረጡት እሾህ የሰውነትን ዘበኞች አገኙ፤ ከእረኞች ምግብ ተነሥተውም የአንጀትን ዓለም እንድንመረምር መንገድ ጠረጉ። የተሳሳቱበት ነገር በኋለኞቹ ምርምር ታርሟል፤ ትክክል የኾኑበትም ዛሬ በየሀገሩ ቤተ ሙከራዎች እየተስፋፋ ነው። በጨፋ ሜዳ የሚታለበው ወተት፣ በየቤቱ የሚረጋው እርጎና በጤና ጣቢያው የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አንዱን በሌላው ሳይተኩ በየቦታቸው የሚያውሉ እናትና አባት የልጃቸውን ሕይወት ይጠብቃሉ።